ጭራቅ ጨዋ ሊሆን ይችላልን?

በልጅነታችን እሳት ዳር ተቀምጠን በሰማነው ተረት ውስጥ የጭራቅ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም መብላት ነው። ጭራቅ አገር የለውም፤ አለቃ የለውም፤ ወዳጅ የለውም። ቃል አይሰጥም፤ ቢሰጥም አይጠብቅም። ሕፃን ሲያለቅስ ይጠራል፤ ሕፃኑ ዝም ሲል ይረሳል። በተረቱም መጨረሻ ብልጥ ልጅ ወይም ብልህ ሴት አታልለው ይገድሉታል እንጂ ጭራቁ ራሱ ተምሮና ታርሞ ከሰው ጋር ሲኖር አይታይም። ስለዚህ «ጨዋ ጭራቅ» ብሎ የሚናገር ሰው ቢገኝ «ደረቅ ውሃ» ያለ ያህል ያስቅ ይሆናል።

ነገር ግን ዛሬ ወጣቶቻችን በሚያነቧቸው የውጭ አገር ልብ ወለዶችና በሚመለከቷቸው ፊልሞች ውስጥ እንዲህ ያለው ፍጡር እየበዛ ሄዷል። መልኩ የሚያስፈራ፥ ጥርሱ የሾለ፥ ጥፍሩ የረዘመ ጦረኛ ነው፤ ሆኖም ቃሉን ይጠብቃል፤ ለአለቃው ይታዘዛል፤ የወደቀውን አይመታም፤ ከጀርባ አይወጋም። ተማሪዎች በዚህ ነገር ሲከራከሩ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ደም አፍሳሹን አክብሮ ማሳየት ወጣቱን ደም እንዲወድ ማስተማር ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ ፈረንጅ የፈጠረው ጨዋታ ስለ ሆነ ዝም ብለን እንዝናናበት፤ እኛን የሚመለከት ነገር የለውም» ይላል። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። ጨዋው ጭራቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በመጻሕፍታችን ውስጥ ከኖረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የኖረውም እንዲያው በከንቱ ሳይሆን ሕግ ይዞ ነው። ይህን ሕግ ብናውቀው ለደራሲውም፥ ለአንባቢውም፥ ሥልጣን ለያዘውም ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ማስረጃዬ በስንክሳር ኅዳር 25 ቀን የሚነበበው የሰማዕቱ የቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክ ነው። የመርቆሬዎስ አያትና አባት አራዊት አዳኞች ነበሩ። አንድ ቀን ለአደን እንደ ወጡ ሁለት ገጸ ከለባት፥ ማለት ፊታቸው እንደ ውሻ ፊት የሆነ ሰው በላ ፍጥረቶች፥ አገኟቸውና አያቱን በሉት። አባቱንም ሊበሉት በተነሡ ጊዜ መልአክ መጥቶ ከለከላቸው፤ ከዚህ ሰው መልካም ፍሬ የሚወጣ ስለ ሆነ እንዳይነኩት ነገራቸው፤ በዙሪያቸውም የእሳት አጥር አጠረባቸው። በተጨነቁም ጊዜ ወደ ሰውዬው ቀርበው ሰገዱለት። ልባቸውም ወደ የዋህነት ተለውጦ እንደ በግ ሆነው ተከትለውት ወደ ከተማ ገቡ። ከዚህ በኋላ መርቆሬዎስ ተወለደ። ገጸ ከለባቱም ክርስቲያኖች ሆነው ከቤተ ሰቡ ጋር ብዙ ጊዜ ኖሩ። ወደ ጦርነት በሚወጡበት ጊዜ ግን የቀድሞው ጠባያቸው ይመለስላቸው ስለ ነበረ በፊታቸው ሊቆም የሚችል አልተገኘም።

ምእመን ይህን ታሪክ እንደ ገድል ይሰማዋል፤ በዚያ ላይ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። እኔ የማነሣው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚያነሣውን ጥያቄ ነው። ይህን ታሪክ ያቆዩልን ሰዎች እነዚያን ሁለት አስፈሪ ጦረኞች እንዴት አድርገው ነው የሣሏቸው?

መጀመሪያ ነገር ፊታቸውን አልለወጡባቸውም። ሰነፍ ደራሲ ቢሆን ኖሮ መልካም ልብ በሰጣቸው ዕለት መልካም መልክም ጨምሮ በሰጣቸውና ነገሩን በቀላሉ በጨረሰው ነበር። በካይሮ ከተማ በሚገኘው የቅብጥ ሙዚየም በ18ኛው መቶ ዓመት የተሣለ አንድ ሥዕል አለ፤ በዚያ ሥዕል ላይ ሁለቱ እንደ ቅዱሳን ሆነው ሲታዩ ራሳቸው ያው የውሻ ራስ ነው። ሠዓሊው አላፈረባቸውም፤ እንዲያፍሩም አላደረጋቸውም።

ሁለተኛ፥ ኀይላቸውን አልወሰዱባቸውም። ጥርሳቸው አልወለቀም። ለጥርሳቸው ጊዜና ቦታ ተወሰነለት እንጂ። በቤት ውስጥ በግ፥ በጦር ሜዳ አውሬ ናቸው፤ ከሜዳው ሲመለሱም ደግሞ በግ ናቸው። ጀግንነት የሚባለው ነገር ግማሹ መቆጣት ከሆነ፥ የቀረው ግማሽ ቁጣን በር ላይ ትቶ መግባት መሆኑን ታሪኩ ያስረዳናል።

ሦስተኛ፥ ትምህርታቸው የጀመረው በልመና ሳይሆን በወሰን ነው። የእሳቱ አጥር «ከዚህ ወዲያ አታልፍም» የሚል ቋንቋ ነው። ነገር ግን በአጥር ብቻ የቀሩ እንደ ሆነ በጉድጓድ ውስጥ የተያዙ አውሬዎች ናቸው እንጂ ጨዋዎች አይባሉም። ከአጥሩ ቀጥሎ ቤት፥ ጎረቤትና ሥራ ተሰጣቸው።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ነው። ገጸ ከለባቱ የተጠጉት የማንን ቤት ነው? አባቱን የበሉበትን ሰው ቤት ነው። በየማለዳው የሚያዩት ፊት የበደሉት ሰው ፊት ነው። በዚያ ቤት ያደገውም ሕፃን የበሉት ሰው የልጅ ልጅ ነው። ክብር ማለት በፉከራ ጊዜ የሚወራ ነገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ቤት ባላስፈለገ ነበር። ታሪኩ ግን ክብርን ያስቀመጠው በዳይና ተበዳይ አብረው እንጀራ በሚቆርሱበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ነጥብ ከልቡ የያዘ ደራሲ ጭራቅን ሲጽፍ ደም አፍሳሽነትን ያስተምራል ተብሎ አይፈራም።

ይህ ሐሳብ የእኛ ብቻ ነው ለማለት አይደለም። ከ3700 ዓመት በላይ በፊት በባቢሎን አገር በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈው የጊልጋመሽ ታሪክ ኤንኪዱ ስለሚባል ጠጉራም የዱር ሰው ይናገራል። ኤንኪዱ ከሚዳቋ ጋር ሣር ይግጥ ነበር። ከዚያ በኋላ እንጀራ መብላትና ጠላ መጠጣት ተማረ፤ ወዲያውም ያደረገው ሥራ ሌሊት ሌሊት ነቅቶ የእረኞችን መንጋ ከአንበሳና ከተኩላ መጠበቅ ነበር። የዱር ኀይሉ አልጠፋም፤ ለሚተኙት ሰዎች ዘብ ሆነ።

በእኛ ዘመን ደግሞ «ስታር ትሬክ» በተባለው የአሜሪካኖች የቴሌቪዥን ድርሰት ክሊንጎን የሚባሉ ጦረኞች አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 መጀመሪያ በታዩ ጊዜ ጠላቶች ብቻ ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ፥ በ1987፥ ወርፍ የተባለው ክሊንጎን የሰዎቹ መርከብ መኮንን ሆኖ ቀረበ። ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ በሰዎች ቤት ያደገ ነው። ግንባሩ የሚያስፈራ ግንባር ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹ የሚያስታውሰው መልኩን ሳይሆን ክብሬን አልሸጥም ብሎ የሚከፍለውን ዋጋ ነው።

ለማነጻጸር ያህል በእንግሊዛዊው ደራሲ በቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ኦርክ የሚባሉትን ጭፍሮች እንመልከት። መጽሐፉ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 እና በ1955 ነው። ኦርኮቹ በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ትእዛዝም ይቀበላሉ። ነገር ግን የሚታዘዙት ጅራፉን ፈርተው ስለ ሆነ ጌታቸው በወደቀ ሰዓት ሠራዊቱ ሁሉ እንደ ገለባ ተበተነ። እንግዲህ ሥርዓትና ክብር አንድ ነገር አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። ሥርዓትን ጅራፍም ሊያመጣው ይችላል። ክብር ግን ጅራፉ በሌለበት ጊዜ የሚታይ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። «ጨዋ» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንናገረዋለን፤ ልጃችንም ጨዋ እንዲሆን እንመክረዋለን። ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን፥ ለምሳሌ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፥ ጨዋ ይባል የነበረው በየጠረፉ የሚሰፍረው የንጉሡ ጭፍራ ነበር። ሊቃውንትም ቃሉን ከግእዙ «ፄዋ»፥ ማለት ከምርኮ፥ ጋር የሚያዛምዱት አሉ። ይህ እውነት የሆነ እንደ ሆነ አንድ ቃል ከምርኮኛ ተነሥቶ፥ በወታደር በኩል አልፎ፥ በመልካም ጠባይ ወደ ታወቀ ሰው ደርሷል ማለት ነው። ከውሻ ፊቶቹ ጦረኞች መንገድ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ከእነዚያ ጭፍሮች አንዱ ጃን አሞራ ይባል ነበር። ዛሬም በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ በዚሁ ስም የሚጠራ ወረዳ አለ። የንጉሥ ወታደር በአሞራ ስም መጠራቱ ለማስፈራራት ብቻ አልነበረም፤ ስሙ ሁለት ክፍል አለው። አሞራው ከላይ የሚያንዣብበው አውሬነቱ ነው፤ «ጃን» የሚለው የማዕርግ ቃል ደግሞ ባለቤት እንዳለው ያመለክታል። አባቶቻችን የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፥ ለምድ ለብሰው፥ ራሳቸውን አንበሳና ነብር እያሉ ሲፎክሩ ያው ነገር ነበር። ነገር ግን የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ስም «አባ ዳኘው» መሆኑን ልብ በሉ። በፈረስ ላይ የተቀመጠው ጦረኛ የተጠራው በመውጋቱ ሳይሆን በመዳኘቱ ነው።

የዚህን ነገር ሁለቱንም ፊት በአንድ ሰው ሕይወት ያየችው ጎንደር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. በሰሜን ደጋ በደረስጌ ማርያም ዘውድ በደፉ ጊዜ ካሰቧቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ ወታደሩ ደመወዝ እየተቀበለ ከባላገር ቀምቶ መብላቱ እንዲቀር ማድረግ ነበር። ይህ የአጥሩ መጀመሪያ ነው። በ1859 ዓ.ም. ግን እኚሁ ንጉሥ ጎንደርን አዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም ከተማዪቱንም አቃጠሉ። በስንክሳሩ ታሪክ እሳቱ አውሬዎቹን አጠረ፤ በጎንደር ግን አጥሩ ፈርሶ እሳቱ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፥ አቤ ጉበኛም በ«አንድ ለናቱ» እኚህን ንጉሥ የልብ ወለድ ባለ ታሪክ አድርገዋቸዋል። ወደ ፊትም ሌሎች ይጽፉ ይሆናል። የሚጽፈው ሁሉ ደመወዙንም እሳቱንም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ቢያገናኛቸው ጀግናውን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ሰው ያደርገዋል።

ደግሞ ሌላ የሚያሳዝን ነገር አለ። በዚሁ በጎንደር አካባቢ ጭራቅ ያልሆኑትን ሰዎች ጭራቅ ያደረገ ወሬ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ማረሻውንና ጦሩን የሚሠራው ቀጥቃጭ፥ በወለቃም ሸክላ ትሠራ የነበረችው የቤተ እስራኤል ሴት፥ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፥ ሰው በዓይናቸው ይበላሉ እየተባሉ ቡዳ ሲሰኙ ኖረዋል። በዚያ ጊዜ የቀጥቃጩን ጦር ይዞ የባላገሩን ጎተራ የሚያራቁተው ሰው «አንበሳ» ተብሎ ይፎከርለት ነበር፤ ጦሩን የሠራለት ደግሞ ጅብ ይባል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ወሬው ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ ነበረው። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ዛሬ በእስራኤል አገር ይኖራሉ፤ ስድቡ ግን እዚሁ የቀሩትን ሌሎች ባለ እጆች አሁንም አልፎ አልፎ ያሳድዳቸዋል።

ጨዋው ጭራቅ በልብ ወለድ ውስጥ የሚጠቅመን እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አንባቢው በፊት ላይ እንዳይፈርድ ያስተምረዋል። የውሻ ራስ ያለው ፍጥረት ቃሉን ሲጠብቅ፥ መልከ መልካሙ ባላባት ቃሉን ሲያፈርስ ያነበበ ወጣት፥ ነገ በአደባባይ ሰውን በመልኩ፥ በሙያው ወይም በወገኑ አውሬ ብሎ ለመጥራት አፉ ቶሎ አይከፈትም። አውሬ የሚባለው በሥራው አውሬ የሆነው ብቻ መሆኑን ተምሯልና።

ይህን ስል አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። «የታዘዘውን ሁሉ የሚፈጽም አስፈሪ ጦረኛ ካከበርን ክፉ ጌታ ሲያዝዘውስ? የሠለጠነ አውሬ ካልሠለጠነው አይብስምን?» የሚል ነው። ተቃውሞው ትክክለኛ ነው። በጅራፍ የሠለጠነው ኦርክ ይህንኑ ያሳያል። ነገር ግን መልሱን ያው የመርቆሬዎስ ታሪክ ይዞታል። በእነዚያ ጦረኞች መካከል ያደገው መርቆሬዎስ በሮም ሠራዊት ውስጥ ታላቅ አዛዥ ሆነ፤ ለንጉሡ ለዳኬዎስም ድል አመጣለት። ንጉሡ ለጣዖት ስገድ ባለው ጊዜ ግን ትጥቁን ፈትቶ በፊቱ ጣለለት፤ ስለዚህም ተሠቃይቶ ሞተ። በጦር ሜዳ ያለ ማመንታት የታዘዘ ሰው በአንዱ ነገር ላይ እምቢ አለ። ደግሞም እምቢ ባለ ጊዜ ሰይፉን አልመዘዘም፤ ትጥቁን ፈታ እንጂ። እንግዲህ መታዘዝንና ትጥቅ መፍታትን በአንድነት ያላወቀ ጦረኛ፥ ሰውም ይሁን ጭራቅ፥ ገና ጨዋ አልተባለም።

ስለዚህ በጽሕፈት ለሚደክሙት ወጣቶች ሦስት ጥያቄ አቀርባለሁ። ጭራቅህን ከመጻፍህ በፊት እነዚህን ጠይቀው። የማን ትእዛዝ ነው የምትፈጽመው? ቢያዝዙህም የማትነካው ማንን ነው? ጦርነቱ ያለቀ ዕለት ማታ የት ታድራለህ? እነዚህን ሳይመልስ ስለ ክብር ብዙ የሚናገር ጭራቅ የተረቱን ጅብ ይመስላል፤ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለውን። ሦስቱን የመለሰ ግን ፊቱ የፈለገውን ያህል ቢያስፈራ አንባቢ በሩን ይከፍትለታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ለእኛ የተጻፈ ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ ጦርነት በመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ድረስ ደርሶ ነበር። የታጠቀ ሰው በጓሮው ያለፈበት ባላገር የጦረኛን ጀግንነት የሚለካው በገደለው ብዛት አይደለም። ውሃ ለምኖ ነው ወይስ ቀምቶ የጠጣው? ሴቲቱ በሯን ስትዘጋ አልፎ ሄደ ወይስ በሩን ሰበረ? እነዚህን ነው የሚጠይቀው። በጦርነት ዘመን ያደገ ልጅ ነገ ደራሲ ሲሆን፥ ባላገሩ የያዘውን ይህን ሚዛን በልብ ወለዱ ውስጥ እንዲያስገባልን እንመኛለን።

በመጨረሻም የመንግሥት ሥራ ለያዙትና ለመያዝ ለሚዘጋጁት አንድ ቃል ልናገር። ጥርስና ጥፍር የሚኖረው በጦረኛ ላይ ብቻ አይደለም። ማኅተም ጥፍር ነው፤ ፊርማም ጥርስ ነው። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በፀዳ የሚማረው የጤና ተማሪም ነገ የሚጨብጠው መርፌና ምላጭ እንደ አያያዙ ነው፤ ያድናል፥ ያቆስላልም። ከቢሮው ደጃፍ ላይ ከማለዳ ጀምሮ የቆመው ባለ ጉዳይ የወጣቱን ሹም ፊት ሲመለከት የሚጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ኀይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያውቃልን?

ገጸ ከለባቱ ኀይላቸውን ለጦር ሜዳ ትተው፥ አባቱን በበሉበት ሰው ቤት በየዋህነት መኖር ችለዋል። የሰው ፊት ይዘን፥ ተምረንና ደመወዝ እየተቀበልን ይህን ያህል ካልቻልን «ጭራቅ» የሚለውን ቃል በሌላው ላይ ከመወርወራችን በፊት ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል።